ጋሼ ኑሩ ስስታም የሆነ ጊዜ

በእኛ ጊዜ በርበሬ በረንዳ ላይ የሚያስነጥስ እንግዳ ሰው ብቻ ነበር። የሰፈሩ ልጅ አያስነጥስም። ዛላ ሲዘረገፍ፣ ጆንያ ሲራገፍ፣ እኛ መሃሉ ቁጭ ብለን ብይ እንጫወታለን። አንድ ሰው ሲያስነጥስ ከሰማን ቀና ብለን ሳናይ "እንኳን ደህና መጡ!" እንላለን። ከአገር ቤት የመጣ ይሁን ከፒያሳ በኩል የመጣ፣ ለእኛ ያው ነው።

ባለፈው ሰሞን ልጄ "አባዬ፣ ዛላ መምረጥ አንተ ታውቅበታለህ" ብላኝ ወረድኩ። አንዱን ጆንያ ከፍቼ፣ ዛላውን ሰበር አድርጌ ወደ አፍንጫዬ ባስጠጋው አስነጠሰኝ። ደግሞ አስነጠሰኝ። ሻጯ ልጅ እግር ናት፤ "ይማርዎ አባባ! ከየት ነው የመጡት?" አለችኝ። ሳቄ መጣ። "ከዚሁ ነኝ ልጄ። ይሄ ፎቅ የቆመበት ቦታ ድሮ የበርበሬ መጋዘን ግቢ ነበር። እዚያ ግቢ ውስጥ እኔ ቲያትር ሠርቻለሁ" አልኳት። ሽማግሌ ሲዘባርቅ እንደሚሳቅለት አድርጋ ሳቀችልኝ። ገበያ ይዟታል፣ ምን ታድርግ። እኔ ግን ያ የዛላ ሽታ ያን በጋ እንዳለ ይዞት መጣ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

እናቴ ፋጡማ ዛላ ትሸጥ ነበር። አባቴን ተከትላ ከወሎ መጥታ፣ እሱ እኔ ገና ዳዴ ሳልል ሞተባትና ከእኔና ከሚዛኗ ጋር ቀረች። ምላሷ እንደምትሸጠው ነው፤ ያቃጥላል፣ ግን ያለሱ ወጥ አይሆንም። ከእሷ ትይዩ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ጋሼ ኑሩ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። እሱም የወሎ ሰው ነው። ደግነቱ የሰፈር መቀለጃ ሆኖ ነበር። ሱሪ ላስጠብብ ብሎ የመጣ ሰው የከሳው ተርቦ ከመሰለው፣ ጋሼ ኑሩ መጀመሪያ ምሳ ያበላዋል። ሰውዬው በዚያው ይለምድና ይወፍራል፤ ሱሪው መልሶ ይጠበዋል። "የኑሩ ሥራ አያልቅም፤ ሲያጠብብና ሲያሰፋ ይኖራል" ይሉት ነበር።

ጋሼ ኑሩ እናቴን ይፈልጋት እንደነበር ከእኔ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ የማውቀው የሸሚዜ ቁልፍ በወደቀ ቁጥር እሱ እንደሚተክልልኝ ነው። አንዳንዴ ሳይወድቅም ይመጣና "ላላ ብሏል" ብሎ፣ ደህናውን ቁልፍ ነቅሎ መልሶ ይተክለዋል። እናቴም "እንዴት ያለ ክር ነው የምትጠቀመው? ልጄ ቁልፍ አልበረክትለት አለ" ትለዋለች፤ እያወቀች።

አንድ ቀን "ለፋጡማ አባት ሽማግሌ ተላከ" ሲባል ሰማሁ። ሽማግሌ የሚላከው እንደ ጆንያ በጭነት መኪና ይመስለኝ ነበርና፣ ወሎ ሲደርስ ማን እንደሚያወርደው እያሰብኩ ተጨነቅሁ። መልሱ ግን መጣ። አያቴ "ሰውዬውን በዓይኔ ሳላይ ልጄን አልሰጥም። ፊትም ያላየሁት ሰው ወስዶብኛል። አዝመራው ይግባና እመጣለሁ" ብለዋል። እናቴ ነገሩን ያን ማታ አስረዳችኝ። አያቴ እሺ ካሉ ጋሼ ኑሩ ከእኛ ጋር ይኖራል፤ እምቢ ካሉ አይኖርም። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይሄን ነገር እንደ ኢድ ልብስ ነው የተመኘሁት።

ቲያትሩ የመጣብን በዚሁ መሃል ነው።

ያመጣው ጋሼ ታደለ ነው፤ ታፔላ ጻፊ። በወጣትነቱ አንድ ቲያትር ቤት መጋረጃ ሳቢ እንደነበረ ይናገራል። እውነቱን እንደሆነ ማንም አይጠራጠርም፤ ምክንያቱም ቲያትር የሚያውቀው ከጎን በኩል ብቻ ነው። እኛንም ሲያለማምደን ሁላችንንም እሱ ወደቆመበት ወደ ጎን አዙሮን ነው። ለተመልካቹ የሚደርሰው ጆሯችን ነበር። "ጋሼ ታደለ፣ ሕዝቡ እኮ በዚህ በኩል ነው የሚቀመጠው" ሲሉት፣ "ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት እንደዚህ ነው፤ አሁን አዲስ ነገር አትፍጠሩብኝ" ይላል።

ታሪኩ ቀላል ነው። ክፉ ቀን ገብቷል። አንድ እህል ነጋዴ ጎተራው ሙሉ ነው። የተራበ ልጅ ደጁ ይመጣል፤ ነጋዴው ይከለክለዋል። ከዚያ አንድ ደግ ድሃ ጎረቤት ይመጣና ካለችው ላይ ያካፍለዋል። መጨረሻም ነበረው፤ ግን እኛ እዚያ ደርሰን አናውቅም።

ግቢውና መጋረጃ የሚሆነው ሸራ የጋሼ በላቸው ነው። ጋሼ በላቸው በርበሬ በጅምላ የሚያከፋፍል፣ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቋጣሪ የሚባል ሰው ነበር። "ግቢዬን የምፈቅደው ደጉን ሰውዬ እኔ ከሆንኩ ነው" አለ። ምን ይደረጋል? ደጉ ሰው ጋሼ በላቸው ሆነ። ስስታሙን ሁን ሲባል ደግሞ ነጋዴው ሁሉ ሸሸ። "ስም ይወጣብኛል፣ ደንበኛ ይሸሸኛል" እያለ። በሰፈሩ እምቢ ማለት የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጋሼ ኑሩ። ስስታም ለመሆን እሺ ያለው ከደግነቱ የተነሳ ነው።

የተራበው ልጅ እኔ ሆንኩ። ቅጥነቴ ተፈልጎ ነው። እናቴ ስትሰማ ሚዛኗን ጥላ ተነሳች። "ልጄን ሰው ፊት ለማኝ ልታደርጉት? እኔ ለሱ እንኳን ለሰው ዓይን ለነፋስም እሳሳለታለሁ!" አለች። በኋላ ጋሼ ኑሩ አብሮኝ እንደሚሆን ስትሰማ ሚዛኗን መልሳ አነሳች። እኔ ግን ያቺን ቃል ያዝኳት። ጋሼ ታደለ ስስታም ማለት ዳቦ የሚከለክል ሰው ነው ብሎናል። እናቴ ደግሞ ትሳሳልኛለች። እንግዲህ ምን ልትከለክለኝ ነው? ያን ማታ ራቴን መከልከል ሳትጀምረኝ ብዬ ጥርግ አድርጌ በላሁ። እሷም "ቲያትሩ ተስማማው፤ የምግብ ፍላጎቱ ተከፈተ" ብላ ለጎረቤት አወራች።

ልምምዱ ጉድ ነበር። ጋሼ ታደለ "ገጸ ባሕርይህን ያዝ!" ሲለኝ እኔ ፊቴን በሁለት እጄ እይዛለሁ። ገጽ ማለት ፊት አይደል? ባሕሩ የት እንዳለ ግን አልገባኝም ነበር። የጋሼ ኑሩ ደግሞ ይብሳል። ጠረጴዛው ላይ ፉርኖ ዳቦ ተቀምጧል። እኔ እገባና እጄን እዘረጋለሁ። ጋሼ ኑሩ ያየኛል። ከዚያ ዳቦውን አንስቶ ይሰጠኛል።

"ኑሩ! ከልክል!" ይጮሃል ጋሼ ታደለ።

"ኧረ እጁን ዘረጋ እኮ ጋሼ ታደለ።"

"እንዲዘረጋ ያዘዝኩት እኔ ነኝ!"

"ያዘዙትስ እርስዎ ነዎት፤ እጁ ግን የሱ ነው።"

እንደገና። እንደገናም ይሰጠኛል። አንዳንዴ ግማሹን ቆርሶ "ይሄ እንኳ ምንም አይል" ብሎ ይሟገታል። እኔ በዚያ ሰሞን የበላሁትን ፉርኖ ከዚያ ወዲህ በልቼ አላውቅም። ጋሼ በላቸው ዳር ቆሞ የራሱን ተራ እየጠበቀ "ዳቦው በዚህ ዓይነት አያዛልቀንም" ይላል።

በመጨረሻ ጋሼ ታደለ ጋሼ ኑሩን ወደ ጥግ ወስዶ በሹክሹክታ "ሂድና በላቸው ሱቅ ደጃፍ ተቀመጥ። እንዴት እንደሚከለክል እይ" አለው። ሄድን፤ እኔም አብሬ። ቁልፍ የምንተክል መስለን ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። እኔ ጋሼ በላቸው ለማኝ ሲመጣ እንደ ውሻ የሚጮህ መስሎኝ ነበር። የለም። አንድ ምስኪን ሲመጣ ከመቀመጫው ብድግ ይልለታል። "ውይ ወንድሜ! እንዴት ከረምክ? ልጆቹስ? አይዞህ፣ ያልፋል። ለዚህ ቀን ያቆየን ጌታ ለነገውም ያውቃል" ይለዋል። ትከሻውን መታ መታ ያደርገውና እስከ መንገድ ይሸኘዋል። ሰውዬው ባዶ እጁን፣ ግን እያመሰገነ ይሄዳል። ራቅ ካለ በኋላ ነው ቆም ብሎ እጁን የሚያየው።

ጋሼ ኑሩ መርፌውን እንደያዘ ቀረ። "አየህ ከማል" አለኝ፤ "እኔ መከልከል ማለት መቆጣት መስሎኝ ነው ያቃተኝ። ለካ በፍቅርም ይከለከላል።" ከዚያን ቀን ወዲያ መከልከል ቻለ። ፈገግ እያለ፣ ራሴን እየዳበሰ ይከለክለኛል። እኔ እውነት እውነት ይርበኝ ጀመር።

አያቴ የመጡት ቲያትሩ በሚታይበት ዋዜማ ነው። ረጅም፣ ሽበታም፣ ምርኩዛቸው ከእሳቸው የሚረዝም ሰው። ገና በረንዳው ጋ ሲደርሱ አስነጠሱና እኛ ልጆቹ "እንኳን ደህና መጡ!" አልናቸው። "እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው!" ብለው ሁላችንንም መረቁን።

አማች አማቱ ፊት አይቀርብም። ስለዚህ ጋሼ ኑሩ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተሸሸገ፤ ልብሱን የሚሰፋው መጋረጃ ጋርዶ ሆነ። አያቴ "ታዲያ ሰውዬውን የት ነው የማየው?" ሲሉ እናቴ "ነገ ቲያትር አለ አባባ፤ እዚያ ያዩታል" አለች።

"ቲያትር ምንድን ነው?"

እናቴም ቲያትር አይታ አታውቅም። ከጋሼ ታደለ የሰማችውን "የሰውን ጠባይ የሚያሳዩበት ነው" አለቻቸው።

አያቴ ደስ አላቸው። "አልሃምዱሊላህ! እኔም የመጣሁት ጠባዩን ላይ ነው።"

እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ሞላ። መድረኩ በርሜል ላይ የተረበረበ ጣውላ ነው። አያቴ ከፊት፣ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጡ። ጋሼ ኑሩ ከሸራው ኋላ ሆኖ በቀዳዳ ያያቸዋል። "ከማል፣ ዛሬ በደንብ ነው የምንሠራው። አማቴ መጥተዋል፤ ሥራ የሚያውቅ ሰው መሆኔን ማየት አለባቸው" አለኝ። የጋሼ በላቸውን ካፖርት ለብሶ ወጣ። እናቴ በጣቷ "እሱ ነው" ብላ ለአባቷ አሳየቻቸው።

ተራዬ ደረሰ። ገባሁ። እጄን ዘረጋሁ። "ጌታዬ፣ እህል ከቀመስኩ ቆየሁ" አልኩ፤ ወደ ጎን፣ ወደ ጋሼ ታደለ እያየሁ።

"ውይ የኔ ልጅ! እንዴት ነህ? እናትህ ደህና ናት?" አለ ጋሼ ኑሩ።

"ታማብኛለች ጌታዬ።"

"አይዞህ፣ ያልፋል።" ዳቦውን አነሳና ዝንብ እንዳያርፍበት በጨርቅ ሸፈነው። ከዚያ ራሴን ዳበሰኝ። "ለዚህ ቀን ያቆየህ ጌታ ለነገውም ያውቃል። ና እስከ ደጅ ልሸኝህ።"

ከሸራው ኋላ ጋሼ በላቸው "እንዴት ያለ አረመኔ ሰው ነው!" ሲል ሰማሁት፤ ከልቡ ነው።

ያኔ "አንተ ሰውዬ!" የሚል ድምፅ መጣ። አያቴ ተነስተዋል። ምርኩዛቸውን እየተከሉ ጣውላው ላይ ወጡ። የጋቢያቸውን ጫፍ ፈቱና ከአገራቸው የያዙትን ጭብጦ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩልኝ። "ብላ የልጄ ልጅ! እንዲህ እየተደረግህ ነው ለካ የምታድገው!" ወደ ጋሼ ኑሩ ዞሩ። "ዳቦው ፊትህ ተቀምጦ የእናቱን ጤና ትጠይቃለህ?"

ሕዝቡ የቲያትሩ ክፍል መስሎት በጭብጨባ አበደ። "ሽማግሌው ጎበዝ ናቸው! ታደለ ከየት አገኛቸው?" ይላል። ጋሼ ኑሩ አማቱ ፊቱ ቆመዋል፤ ወግ ነውና ፊቱን በካፖርቱ ሸፈነ። ያ ደግሞ ጥፋተኛ አስመሰለው። ጋሼ ታደለ የሚችለውን አንድ ነገር አደረገ፤ መጋረጃውን ሳበ።

ቤት ስንገባ አያቴ እምቢ አሉ። "አልሰጥም።"

"አባባ፣ ቲያትር እኮ ነው። ውሸት ነው" አለች እናቴ።

"እንግዲያው ውሸታምም ነዋ!"

ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ጎረቤት ሁሉ መሰከረ፤ ጋሼ በላቸው ሳይቀር "ኑሩ የሰጠው ይበዛል እንጂ" አለ። አያቴ ሁሉንም በትዕግሥት አደመጡና እንዲህ አሉ፤ "እኔ ክፉ ቀን ያየሁ ሰው ነኝ። በራቸውን እየተሳደቡ የዘጉብንን ሰዎች ረስቻቸዋለሁ። አንዱን ግን አልረሳም። እየሳቀ ነው የዘጋው። የእናቴን ጤና ጠየቀኝ፤ ራሴን ዳበሰኝ። ያንኑ ሳቅ ዛሬ አየሁት። ይሄ ሰውዬ ስስታም ነው። ስስታም ካልሆነ ከየት አመጣው?"

ከየት እንዳመጣው እኔና ጋሼ ኑሩ እናውቅ ነበር። ግን ጋሼ በላቸው እዚያው ተቀምጦ ራሱን በሐዘን ይነቀንቅ ስለነበር፣ ማን ይናገር?

በማግስቱ እናቴ መንገዱን ተሻግራ ጋሼ ኑሩ መጋረጃ ሥር አንገቷን አስገባች። "አንተ! ማን እንደዚያ ጎበዝ ሁን አለህ?" አለችው።

"አማቴ ይኩሩብኝ ብዬ ነው" አለ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

"እሑድ ይደገማል ተብሏል። አባባ ልጁን ከዚያ ሰውዬ ጋር ብቻውን አልተወውም ብለው ይመጣሉ። ዳቦውን ስጠው፤ በቃ!"

ጋሼ ታደለ ሰማ። "ብትሰጠው ቲያትሩ እዚያው አለቀ። ደጉ ሰው የሚመጣው ስለምን ነው? ያ ሁሉ ሕዝብ የሚመጣው ስለምን ነው?" ብሎ ለመነው። ጋሼ ኑሩ ለእሱም እሺ አለ። ለእናቴም እሺ ብሏል። እምቢ ማለት አይችልም አላልኳችሁም?

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረውም። እኔም። "ጋሼ፣ ትሰጠኛለህ ወይስ ትከለክለኛለህ?" ስለው "ወላሂ አላውቅም ከማል" ይለኛል።

በሁለተኛው እሑድ ግቢው ከመጀመሪያው ይበልጥ ሞላ። የሽማግሌው ነገር ወሬው እስከ አትክልት ተራ ደርሷል። ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸው ሥር እብጥ እብጥ ያለ ነገር ይዘዋል፤ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ጋሼ ታደለ ደግሞ ለብቻዬ ጠርቶኝ "ዳቦው እጅህ ከገባ እቅፍ አድርገህ ያዝ። የተራበ ሰው አይለቅም። ማንም ቢመጣ እንዳትለቅ" ብሎ አዝዞኛል።

ገባሁ። እጄን ዘረጋሁ። ጋሼ ኑሩ አየኝ። ቀጥሎ ፊት ለፊት የተቀመጡትን አያቴን አየ። ጎርደድ አለ። "እና... እናትህ ደህና ናት?" አለ።

ከመሃል አንዲት ሴት "እናቱን ተዋትና ለልጁ ስጠው!" ብላ ጮኸች፤ ከነጠላዋ ሥር ፉርኖ አውጥታ ወረወረች። እግሬ ሥር አረፈ። ሌላው ወረወረ። ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ! ሰፈሩ ለካ የአያቴን አይቶ ዳቦ ይዞ ነው የመጣው። ፉርኖው፣ ጭብጦው፣ አምባሻው ዘነበ። ኩሊው፣ ሸማኔው፣ ሽንኩርት ሻጩ፣ ሁሉም አያቴን መሆን አምሮታል። አንዱ ዳቦ ጋሼ ታደለን ግንባሩን መታው፤ እንደ ልማዱ ጎን ላይ ቆሞ ነበራ።

ጋሼ በላቸው የሚገባበት የደረሰ መሰለው። የተለማመደባትን ትንሽ ዳቦ ይዞ "አንተ የተራብክ ልጅ፣ ካለችኝ ላይ..." እያለ ወጣ። ክምሩን አየ። ቆመ። "ይሄ ሁሉ ካለውማ የእኔ ምን ያደርግለታል?" አለና ዳቦዋን ኪሱ ከተታት። እንደዚያን ቀን የተሳቀ ሳቅ በርበሬ በረንዳ ሰምቶ አያውቅም።

እኔ የታዘዝኩትን እየፈጸምኩ ነው። የቻልኩትን ዳቦ አቀፍኩ። ከመድረኩ ሥር የተኮለኮሉ ልጆች "ለእኛም! ለእኛም!" እያሉ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ትእዛዝ ነውና አቅፌ ሸሸሁ። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ጣውላው ከበርሜሉ አልፎ እስከወጣበት ድረስ። ጋሼ ኑሩ ነው ያየው። "ከማል!" ብሎ ዘሎ ያዘኝ። ጣውላው በሁለታችን ክብደት ብድግ አለና ሁለታችንንም ከኋላ የተከመረ ባዶ የበርበሬ ጆንያ ላይ ጣለን።

ቀይ ደመና ተነሳ። ያን ቀን የሰፈር ልጅ፣ እንግዳ ሳይባል፣ ሰው ሁሉ አስነጠሰ።

እኔን ዓይኔን አቃጠለኝና ላሸው እጄን ስሰድ ጋሼ ኑሩ ሁለቱንም እጄን ያዘ። "አትንካው! አትንካው የኔ ልጅ! ውሃ! ኧረ ወተት አምጡ!" ይጮሃል። የራሱ ዓይን እንደ ዛላ ቀልቶ እንባው ይወርዳል፤ እሱን አላስታወሰውም። ወተት ሲመጣ በእፍኙ እያደረገ የእኔን ዓይን ያጥባል፣ እፍ ይላል፣ ክንዴን ይነካካል፣ "የት አመመህ? እዚህ? እዚህስ?" ይላል። ሕዝቡ መኖሩን፣ አማቱ መኖራቸውን ረስቷል።

ዓይኔን ስከፍት አያቴ በላያችን ቆመዋል፤ በምርኩዛቸው ተደግፈው፣ ብዙ የቆዩ ይመስላሉ። ሽማግሌዎቹን ጠሩ። "ይሄ ሰውዬ ስስታም ነው አላልኳችሁም?" አሉ።

እኔ አበቃልን ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

"ነው!" አሉ አያቴ። "ይኸው ለልጁ ሲሳሳለት አየሁት። እንዲህ የሚሳሳለት ካለ፣ እኔ ወሎ ተቀምጬ ምን ልሳሳ? በሉ፣ ጉዳያችሁን ጨርሱ።"

እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ትስቃለች፤ ታለቅሳለች። እኔ ግን ገና አልገባኝም ነበርና "ስስታም አይደለም፤ ዳቦ አይከለክለኝም!" እያልኩ አያቴን ለመንኳቸው። በኋላ ነው እናቴ ስስት ሁለት ነው ብላ ያስረዳችኝ፤ የእጅና የልብ። ዳቦውን ልጆቹ በሙሉ በልተውት ነበር። ጋሼ ታደለ ብቻ ወደ ጎን ቆሞ "መጨረሻው ቀረ! መጨረሻው እኮ ነው ዋናው!" እያለ ግንባሩን ያሻል።

ኒካው በዚያው ሳምንት ታሰረ። ጋሼ በላቸው ለሠርጉ ግቢውን ሰጠ፤ ሸራውን ደግሞ ሳይጠይቁት ራሱ ወጠረ። ከዚያ በኋላ ወሩን ሙሉ ስለ ሸራው አወራ።

አያቴን የሸኘናቸው አውቶቡስ ተራ ድረስ ነው። ጋሼ ኑሩ ጓዛቸውን ተሸክሟል፤ እናቴ ለመንገድ የሚሆን ዳቦ ቋጥራላቸዋለች። አውቶቡሱ ሥር ስንደርስ አያቴ ቆም አሉ።

"ለመሆኑ ኑሩ፣ የዚያ ሰውዬ መጨረሻው ምን ነበር?"

"የቱ ሰውዬ አባባ?"

"ያ ስስታሙ። አንተ የሆንከው።"

ጋሼ ኑሩ አንገቱን ደፋ። "ይሞታል አባባ። በሩን እንደዘጋ፣ የእህል ጆንያው ላይ እንደተደገፈ፣ ብቻውን።"

"ማንም አልደረሰለትም?"

"ማንም።"

ረዳቱ "ተሳፈሩ!" እያለ ይጮሃል፤ አያቴ አልሰሙትም። "ያ ሁሉ ሰው ዳቦ ይዞ መጥቶ" አሉ ቀስ ብለው፤ "አንድ እንኳ ለእሱ የወረወረ የለም።"

ቋጠሯቸውን ፈቱ። ዳቦውን ከመሃል ገመሱና ግማሹን ለጋሼ ኑሩ ዘረጉለት።

"እንካ" አሉት። "ብላለት።"

ጋሼ ኑሩም እዚያው አውቶቡሱ ሥር ቆሞ በላለት።